ዝም ብላ ለምትሠራ መኪና አጃቢ ለመደቡልን ኃላፊ

ለከተማችን የመንገድ መብራት ጥገናና የተሽከርካሪ ስምሪት መምሪያ ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎን በአጠቃላይ፣ የጆሮዎን ጤና ግን በተለይ አጥብቄ እመኛለሁ፤ የመምሪያችን ሥራ በሙሉ በእርስዎ ጆሮ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ አንድ ቀን በጉንፋን ቢደፈን የከተማው መኪና ሁሉ ሥራ ፈት ተብሎ መቆጠሩ አይቀርም። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም ከመስኮቱ ሥር ለማይጠፋው ወንበርዎ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

እኔ ቅርጫት ውስጥ ቆሜ ወደ ላይ የምወጣውና የመንገድ መብራት የምጠግነው ሠራተኛዎ ነኝ። በመልክ ላያውቁኝ ይችላሉ፤ እርስዎ ቀና ብለው የማየት ልማድ የለዎትም፣ እኔም ሥራ ላይ እያለሁ ዝቅ ብዬ ለማየት ጊዜ አላገኝም። ጉዳዬን በጋዜጣ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በቢሮዎ በር ለመግባት ደጋግሜ ሞክሬ ነበር፤ በመጣሁ ቁጥር ግን ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ትነግረኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከበሩ ወዲያ ሲያንኮራፉ ስለሰማሁ ስብሰባው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገባኝና ተመለስኩ። እርስዎ ራስዎ “ሥራ ድምፅ አለው” ይሉ የለ!

ወደ ጉዳዬ ልግባ። መምሪያችን አዲስ ሃይብሪድ የጥገና መኪና ስለገዛልን በቅድሚያ እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ። አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ባጭሩ ላስረዳ። ይህች መኪና የናፍጣ ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም አላት። መንገድ ላይ ሁለቱ እየተጋገዙ ይነዷታል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባትሪዋ ይሞላል፤ ምሰሶ ሥር ደርሳ ስትቆም ደግሞ የናፍጣው ሞተር ራሱ ይጠፋና፣ እኔ ያለሁበትን ቅርጫት የሚያነሳው ረጅም ክንድ በባትሪ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ባትሪው ሲደክም ሞተሩ ማንም ሳያዘው ይነሳል፣ የሚሞላውን ይሞላል፣ ተመልሶ ይጠፋል። ሳይታዘዝ የሚሠራ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የማያስቸግር እንዲህ ያለ ባልደረባ በመምሪያችን ታይቶ አይታወቅም።

አብሮኝ የሚሠራው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። መኪናዋን የሚነዳው እሱ ነው፤ እኔ ስወጣ ደግሞ ከታች ቆሞ፣ አንገቱን አንጋጦ ይጠብቀኛል። ፊቴን ወደ መብራቱ አዙሬ ስሠራ ከኋላዬ ያለውን ከፍተኛ ኃይል ያለው ሽቦ አላየውም። የሚያይልኝ እሱ፣ የሚነግረኝም እሱ ነው። በግቢው ውስጥ ሁላችንም ጉሮሮ እያልን ነው የምንጠራው፤ ምክንያቱን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በማክበር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ መኪናዋ በመጣች ማግሥት ስላደረጉላት አቀባበል። ክቡርነትዎ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ ሰው ነዎት፤ መኪናን በድምፁ ለይተው የሚያውቁ ሰው እንደሆኑ ጠላትዎም አይክድም። ስለዚህም ነው በየጠዋቱ መኪኖች ሁሉ ሞተራቸው ተነስቶ በግቢው ሲደረደሩ፣ እርስዎ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጆሮዎን ዘንበል አድርገው በመካከላቸው የሚያልፉት። በዚያ ጠዋት ሌሎቹ ጭሳቸውን እየተፉ ሲያጓሩ አዲሷ ብቻ ጸጥ ብላ ቆማ ነበር። ቀርበው ግንባሯን እንደ ታማሚ በመዳፍዎ ዳሰሱና፣ በአዘኔታ ራስዎን እየነቀነቁ፣ ገና ከመምጣቷ ባትሪዋ እንደሞተ ለመካኒኮቹ አስታወቁ። ጉሮሮ ከጋቢናው ውስጥ ሆኖ መኪናዋ ተነስታ እንደቆመች ሊያስረዳ ቢሞክር፣ በእጅዎ ምልክት ዝም አሰኝተው ተገፍታ እንድትነሳ አዘዙ። መካኒኮቹም ትእዛዝ ነውና እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሆ ብለው ተረባረቡ። ጉሮሮ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ መኪናዋ ያለ አንዳች ድምፅ ከእጃቸው ሾልካ ሄደች፤ ገፊዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራረቡ፤ ፊት ለፊቷ የነበሩት እርስዎ ደግሞ ከዕድሜዎ የማይጠበቅ ቅልጥፍና አሳይተው የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ወጡ። ቅሬታዬ መገፋቷ አይደለም። ቅሬታዬ ጎማው ላይ እንዳሉ “አያችሁ፣ ስትገፋ ተነሳች” ብለው ማወጅዎ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መመሪያ ሆኖብን እስከ ዛሬ ድረስ ጠዋት ጠዋት እንገፋታለን። መካኒኮቹ ለወገባቸው የሚሆን ቅባት ቢታዘዝላቸው መልካም ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ አጃቢዋ። የስምሪት ተቆጣጣሪያችን እንደ እርስዎ ጀርባውን ለበሩ፣ ጆሮውን ለግቢው ሰጥቶ የሚሠራ ታማኝ ሰው ነው። ሞተር ሲያጓራ ከሰማ መኪናው ለሥራ ወጣ ይላል፤ ካልሰማ አልወጣም ይላል። አዲሷ መኪና ከጀርባው በኩል ሹልክ ብላ ወጥታ፣ ስንት መንገድ አብርታ፣ ሹልክ ብላ ስትመለስ እሱ ዘንድ ቀኑን ሙሉ የተኛች ናት። ይህን በአክብሮት ባመለከትንበት ጊዜ ሌላ ኃላፊ ቢሆን ኖሮ ለተቆጣጣሪው ወንበሩን እንዲያዞር ይነግረው ነበር። እንዲህ ያለውን ተራ መፍትሔ ግን እርስዎ አልመረጡም። በግቢው ጥግ ሣር የበቀለባትን አሮጌ የናፍጣ መኪና አስጠርገው፣ ሕይወት ዘርተውባት፣ አዲሷን በሄደችበት ሁሉ እየተከተለች፣ አጠገቧ ቆማ እንድታጓራላት መደቧት። ድምፁ እንዳይለግምም ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ እንዳያነሳ በጥብቅ ታዘዘ። አጃቢዋ ምንም አትጭንም፣ ምንም አታነሳም፣ ቆማ ታጓራለች ብቻ። በዚህ ችሎታ ብቻ ትልቅ ወንበር ላይ የደረሱ እንዳሉ ስለማውቅ እሷ ላይ አልፈርድም።

ሦስተኛ፦ ስለ ናፍጣው። አዲሷ መኪና የተገዛችው ናፍጣ ትቆጥባለች ተብሎ ነበር፤ በእርግጥም ትቆጥባለች። የተቆጠበው ናፍጣ ግን ባክኖ እንዳይቀር የሚጠጣው አካል በፍጥነት ስለተመደበለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ የምትኖር አንዲት ነርስ አለች፤ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቀን ነው የምትተኛው። በመስኮቷ ሥር ሠርተን ስናልፍ እንዳልሰማችን የገባት ከእንቅልፏ ተነስታ መብራቱ በርቶ ስታይ ነበርና፣ በሌላ ቀን ጠብቃ ቀዝቃዛ ውኃ አወጣችልን። አጃቢዋ ከመጣች በኋላም ውኃ ማውጣቷን አላቋረጠችም፤ አሁን ግን የምትሰጠን በብርጭቆ ሳይሆን ከፎቅ ላይ በባልዲ ነው። አልተቀየምናትም።

አራተኛ፦ አራተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ አነበበችውና፣ ይህ ከወጣ ነገ ሥራ ፍለጋ ላይ ታች ስትል እንዳላይህ ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። ክቡርነትዎ የጎማው ክምር ላይ በወጡበት ሰዓት ስለተተረተረው ሱሪ የሚመለከት ነበር። ወደ አምስተኛው እናልፋለን።

አምስተኛ፦ ስለ ጉሮሮ። ይህኛው ቀልድ የለበትም፤ ካለበትም ቀልዱ የእኔ አይደለም።

በአሮጌዎቹ መኪኖች በሠራንበት ዘመን ሁሉ ክንዱ የሚነሳው በናፍጣው ሞተር ስለነበረ፣ እኔ ላይ ሆኜ እንድሰማው እሱ የአንገቱ ደም ሥር እስኪገታተር መጮህ ነበረበት። ግራ ሲለኝ ይጮሃል፣ ቀኝ ሲለኝ ይጮሃል፣ ምሳ ደረሰ ሲለኝ እንኳ የተጣላኝ ይመስላል። ስሙም የወጣለት ከዚህ ነው። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቁጡ ሰው ነው ብዬ ስለማስብ በቤተሰብ ድግስ ላይ ራቅ ብዬ ነበር የምቀመጠው። እንዲህ ሲጮህ ኖሮ ድምፁ ተበጣጥሶ ሻከረ፤ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ጉሮሮውን በመሣሪያ ካየ በኋላ፣ በተለመደ ድምፅ እየተናገርክ መኖር ትችላለህ፣ እንደ ድሮው ከጮህክ ግን ድምፅህ አንድ ቀን ይሄዳል፣ ከሄደም አይመለስም ብሎ ነገረው። የጉሮሮ ቅስም ተሰበረ፤ የእሱ ሥራ ጩኸት ነውና። ሥራውን ሊለቅ ማመልከቻውን ሲያስብ ነው ይህች መኪና የመጣችልን።

የመጀመሪያው ቀን ከፍ ብዬ ወጥቼ መብራቱን ስፈታ፣ ከታች አንድ ለስላሳ ድምፅ “ትንሽ ወደ ግራ፣ እ… እዚያ ላይ በቃህ” አለኝ። ሌላ ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራችን ወሬ ሆነ። ለካስ ሰውየው ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ለካስ ስለ ኳስ የማያውቀው የለም፤ ለካስ ሰው ላይ ሲቀልድ ፊቱ ላይ ምንም አይታይበትም። ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችብኝ፤ ወንድሟ በልጅነቱ ከቤቱ ሁሉ ዝምተኛው እንደነበር፣ እናታቸው ይህ ልጅ ድምፁን ማን ይሰማለት ይሆን እያሉ ይጨነቁ እንደነበር አጫወተችኝ። ያን ሁሉ ዓመት አጠገቤ የኖረውን ሰው ያወቅኩት ሞተሩ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ብቻ እንኳ ክቡርነትዎን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አሽሙር የሌለበት ምስጋና ይህ ብቻ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎት።

ከዚያ አጃቢዋ መጣች። ጉሮሮ እንደገና መጮህ ጀመረ። ሁለት የእጅ ሬዲዮ እንዲሰጠን ብንጠይቅ፣ ሬዲዮ ለበር ጠባቂዎች ብቻ የተፈቀደ መሆኑና ለእኛ የቃል ትእዛዝ በቂ መሆኑ ተገለጸልን። ድምፁ በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። በቀደም የልጅ ልጁ ስልክ ደውላ፣ ሃሎ ሲላት ጊዜ፣ አንተ አይደለህም፣ አያቴን ስጠኝ አለችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ስልኩን ለባለቤቱ አቀብሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ስድስተኛ፦ ስለ አንድ ጫማ። ከቢሮዎ መስኮት ፊት ለፊት ያለውን ምሰሶ እየጠገንን ነበር። እርስዎ ከላይ እንደሚያዳምጡ የሚያውቀው የአጃቢዋ ሾፌር ለክብርዎ ሲል ነዳጁን ከወትሮው ይበልጥ ረግጦታል። እኔ ፊቴን ወደ መብራቱ አዙሬ ቅርጫቱ ውስጥ ባለው ማንሻ ክንዱን ወደ ኋላ እያንቀሳቀስኩ ሳለሁ፣ ከጀርባዬ ወዳለው ሽቦ እየተጠጋሁ መሆኔን አላወቅኩም። ጉሮሮ አየ። አፉን ከፍቶ ጮኸ፤ ከአፉ የወጣው ግን አየር ብቻ ነበር። እጁን አወራጨ፤ አላየሁትም። ክላክሱ ጋቢናው ውስጥ ነው፤ ዞሮ እስኪደርስ ጊዜ የለም። ጎንበስ አለና የቀኝ እግሩን ጫማ አውልቆ ወረወረው። ማጅራቴን መታኝ። ልሰድበው ዞር ስል መጀመሪያ ፊቱን አየሁ፣ ቀጥሎ ሽቦውን አየሁ፣ ማንሻውን ለቀቅኩ። በእኔና በሽቦው መካከል የነበረውን ርቀት በእጄ ላሳይዎ እችላለሁ፤ ለዚህም ሁለት እጅ አያስፈልገኝም፣ የአንዱ ስንዝር ይበቃል።

ስወርድ ጉሮሮ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ በአንድ ካልሲ ተቀምጦ ነበር። ሲስቅ ነው ሲያለቅስ ነው መለየት አልቻልኩም፤ ድምፅ ስለሌለው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ክቡር ሆይ፣ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ይህን ስጽፍም እፈራለሁ። ጫማው ከማጅራቴ ነጥሮ ማሰሪያው በመብራቱ ዘንግ ላይ ተጠልፎ ስለቀረ፣ ጉሮሮ ወደ ቤቱ የሄደው በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው የዝናብ ቦቲ አድርጎ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ የአጃቢዋ ሾፌር እኔ እስክወርድ ድረስ ሞተሩን ያጠፋልኛል። ይህን ዓረፍተ ነገር እንዳላነበቡት አድርገው ቢያልፉት የአንድ ደግ ሰው እንጀራ አይቋረጥም።

ሰባተኛና የመጨረሻው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። አጃቢዋ ተበላሽታ ጋራዥ በገባችበት ሳምንት እኔና ጉሮሮ የገበያውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር አብርተን ጨረስን፤ ወዲያውም ሥራ በመፍታት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። አጃቢዋ ተጠግና በተመለሰች ማግሥት ደግሞ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ምሳችንን ስንበላ፣ ቅርጫቱ ባዶውን መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የአጃቢዋ ሾፌር እግሩን ነዳጁ ላይ እንዳደረገ እንቅልፍ ወሰደው። ሞተሩ ሰፈሩን ሲያናውጥ ክቡርነትዎ በመኪናዎ አለፉ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ዓይንዎን ጨፍነው አዳመጡ፤ ራስዎን በእርካታ ነቅንቀው ሄዱ። በነጋታው ለሦስታችንም የተጻፈው የአርአያነት ምስጋና በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ተኝቶ የነበረው ሾፌር ስሙ ከሁላችን በላይ ስለተጻፈ እጅግ ተደስቷል፤ ሥራውን በዚያው ትጋት እንደሚቀጥልም ቃል ገብቷል።

ልመናዬ አንዲት ናት። ሰው ከላይ ቅርጫቱ ውስጥ ባለበት ሰዓት የአጃቢዋ ሞተር ይጥፋ። ከዚያ ውጪ ባለው ጊዜ ሁሉ እስክትጠግብ ታጓራ። ድምፁ ለክቡርነትዎ አስፈላጊ ከሆነም ከእኛ ሥር ተነስታ ከቢሮዎ መስኮት ሥር በቋሚነት ብትመደብ ምንም ቅሬታ የለንም፤ እንዲያውም ለስብሰባዎችዎ ድምቀት ትሰጣለች። ተቆጣጣሪው ሥራችንን ማረጋገጥ ቢፈልግ ደግሞ መንገድ ወጥቶ ቀና ይበል፤ የበራ መብራት ድምፅ ባይኖረውም ይታያል።

ከምድር ከፍ ብዬ፣ ከክቡርነትዎ ግን እጅግ ዝቅ ብዬ፣ ለጆሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዓይንዎም አንዳንድ ሥራ እንዲገኝለት እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ለማለት ቅርጫቱ ስለማይፈቅድልኝ ቆሜ እጅ የምነሳ፣

ታዛዥዎ የቅርጫቱ ሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ከቢሮዎ ትእዛዝ ደረሰኝ፤ ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ቆሻሻ ዕይታዎን ስላበላሸ ሳይውል ሳያድር እንዲነሳ የሚል። አንድ ነገር ቀና ብለው በማየትዎ ከልብ ተደስቻለሁ። ቆሻሻው የጉሮሮ የቀኝ እግር ጫማ ነው፤ ላወርደው ዝግጁ ነኝ። ነገር ግን ከታች ቆሞ የሚጠብቀኝ ጉሮሮ ነው፣ ድምፁ አሁን ፈጽሞ ሄዷል፣ አጃቢዋም በመስኮትዎ ፊት ለፊት ለአፍታ እንኳ እንዳትጠፋ የሰጡት ትእዛዝ አልተነሳም። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ክቡርነትዎ ይህን ብቻ እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ፤ ሰውየው የሚወረውረው የቀረው አንድ ጫማ ብቻ ነው።